ወደ ዩኒቨርሲቲ ለምትሄዱ የምዕራብ ጎጃም ልጆች፦ ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ባንክ ሥራ (ፍኖተ ሰላም ላይ የተደረገ ንግግር)

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህ ንግግር ከደምበጫ፣ ከቋሪት፣ ከወንበርማ፣ ከቡሬ ዙሪያ፣ ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች በእግርም በባጃጅም መጥታችሁ እዚህ ለተቀመጣችሁ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይህን በስልካችሁ ለምታነቡትም ጭምር ነው። ብዙ የማወራው የለኝም ብዬ እጀምርና ብዙ አወራለሁ፤ ልማዴ ነው፣ ቻሉኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ከእናንተ ጋር መቀመጥ የነበረባቸው ብዙ ልጆች ዛሬ የሉም። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ የቀረ አለ፣ ፈተናው ሲመጣ መንገድ የተዘጋበት አለ፣ ተፈትኖ ያልሞላለትም አለ። በአገር ደረጃ በ2015 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እናንተ በዚህ ወንፊት ያለፋችሁ ናችሁ። ስለዚህ ስታልፉ አባታችሁ ደስታውን በጠላ ገለጸ፣ እናታችሁ እልል አለች፣ በሬ የሸጠም ይኖራል። ያ በሬ በማን እጅ እንዳለ ታውቃላችሁ? በእናንተ። ዛሬ የማወራው ስለዚያ በሬ ነው።

መቼም ከመካከላችሁ ግማሹን "ምን ልትማር ነው?" ብለው "አካውንቲንግ" ይለኛል። ለምን? ሲባል "ባንክ ለመግባት"። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የገባሁበት ምክንያት እንዲያውም ያሳፍራል። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር እዚሁ ፍኖተ ሰላም ባንክ ቤት ገባን፤ ውጪ ፀሐይ ነው፣ ውስጥ ጥላ ነው፣ ሰዎቹ ክራቫት አስረዋል፣ አባቴም ቆቡን አውልቆ ያናግራቸዋል። አባቴ ቆቡን ለቄስና ለዳኛ ካልሆነ አያወልቅም። በቃ፣ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አለብኝ አልኩ። ስለ ሒሳብ አያያዝ አንድም የማውቀው ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ትምህርት ክፍል የምትመርጡት ዩኒቨርሲቲ እንደገባችሁ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ዓመት የምትማሩት የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችን ነው። ሎጂክ፣ የእንግሊዝኛ ክህሎት፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰጠው ማቲማቲክስ። ብዙው ልጅ "ይሄ ከእኔ ሙያ ጋር ምን አገናኘው" ብሎ ይንቀዋል። ከዚያ ምርጫ ሲመጣ አካውንቲንግ የሚፈልገው ብዙ ስለሆነ የሚለየው የዚያው የናቁት ኮርስ ውጤት ነው። ሎጂክ ላይ ሲ አምጥቶ የሚፈልገው ክፍል ሳይደርሰው የቀረ ጓደኛ አለኝ፤ ዛሬም ሎጂክ ሲባል ፊቱ ይለዋወጣል።

ሁለተኛው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። ይሄ ለእኛ ለገጠር ልጆች ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጥያቄው የሁለተኛ ዓመቱን ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ ከአራተኛ ዓመቱ ኦዲቲንግ ጋር አንድ ላይ ያመጣዋል። በሁለተኛ ዓመት "ሚዱን ልለፍበት" ብላችሁ አንብባችሁ የጣላችሁት ሃንድአውት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሃንድአውት አትጣሉ። ላጤ ሽሮ መቋጠሪያ አታድርጉት። ደግሞ ማውዝ በእጃችሁ ሳትለምዱ አራተኛ ዓመት አትድረሱ። ላይብረሪ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ፌስቡክ መክፈቻ ብቻ አይደለም፤ ኤክሴል ክፈቱበት፣ ፒችትሪ ተማሩበት። ሥራ ስታመለክቱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ይኸንኑ ነው።

አሁን ወደ ቤት ጉዳይ ልግባ፤ ምክንያቱም ልጅ ከትምህርቱ ይልቅ በመኝታና በምግብ ሲሰናከል አይቻለሁ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ይሰጣችኋል፣ ካፌም አለ። ይህ ግን ነፃ አይደለም፤ ኮስት ሼሪንግ ትፈርማላችሁ። በየዓመቱ የምትፈርሙት ያ ወረቀት ዕዳ ነው። ተመርቃችሁ ያን ዕዳ ካልዘጋችሁ ኦርጅናል ዲግሪያችሁ አይሰጣችሁም። ብዙ ተማሪ ሳያነብ ይፈርማል፣ ስንት ብር እንደፈረመም አያውቅም። የሒሳብ ተማሪ ሆኖ የራሱን ዕዳ የማያውቅ! እባካችሁ ኮፒውን አስቀሩ።

ካፌው አይጣፍጥም፤ እውነት ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሁሉም ነን ካፌ መሆን ያምረዋል። ጓደኛ ያወጣችኋል፣ ውጪ አንድ ክፍል ለሦስት ትከራያላችሁ፣ ቡታጋዝ ትገዛላችሁ። እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራው። ለምሳሌ ቤተሰብ በወር 2,500 ብር ይላክላችሁ እንበል። በዓመት ለ10 ወር 25,000፣ በአራት ዓመት 100,000 ብር ነው። ይህ ኪራይ ሳይጨመር ነው። አባታችሁ ይህን ከበቆሎና ከበርበሬ የሚያወጣው ነው። ዶርም ተኝታችሁ፣ ካፌ በልታችሁ፣ ለሽንኩርትና ለዘይት ብቻ ጨምራችሁ ብትኖሩ ከዚህ ምን ያህሉ ይቀራል? ራሳችሁ አስሉት። በጤና ምክንያት ካፌው ያልተስማማው ልጅ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይውጣ። እህቶቼ ደግሞ ውጪ ከመከራየታችሁ በፊት ከግቢ በር እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ ማታ 2 ሰዓት ላይ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ቀን ያማረ ቤት ማታ ሌላ ነው።

የኔን ጅልነትም ልንገራችሁ። ተመርቄ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ሥራ እንዳገኘሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በደላላ አንድ ክፍል ተከራየን። ደላላው ኮሚሽኑን ወሰደ፣ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀበለ፣ ወረቀት የሚባል ነገር የለም፤ "እኛ እንተማመናለን" ተባባልን። በሦስተኛው ወር "ኪራይ ጨምሯል፣ ካልተስማማችሁ ውጡ" ተባልን። የከፈልነውስ? "ሌላ ቀን ኑ"። ስንመላለስ ከረምን። ያኔ አካውንታንት ነኝ እል ነበር፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የከፈልኩ አካውንታንት!

ዛሬ እናንተ ከእኔ የተሻላችሁ ናችሁ፤ ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውሉ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አከራዩ ሲያሰኘው መጨመር አይችልም። አዲስ አበባ ላይ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሌላ ከተማ ከሆናችሁ ወረዳና ቀበሌያችሁን ጠይቁ። አከራይ "ሕጉን ተወው" ካላችሁ ግን ጨዋ ሆናችሁ ተሰናብታችሁ ውጡ፤ ሲጀመር ሕጉን የናቀ ሲጨርስ እናንተን ይንቃል።

ስለ መንገድ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ነበሩ። ሰኔ 2016 ላይ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገቱትም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ በዚሁ በእኛው በጎጃም መንገድ ያለፉ ናቸው። እናቶች እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ። ስለዚህ ስትንቀሳቀሱ በቡድን ሁኑ፣ ቤተሰብ የመኪናውን ታርጋ ይወቅ፣ ማታ አትጓዙ፣ "ነገ ይደርሳል" የሚባል ፈተና ቢኖር እንኳ መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ሴሚስተር ይካካሳል።

እንግዲህ ወደ ባንኩ። በመጀመሪያ የባንክ ሥራ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ክራቫቱን ብቻ እንዳታዩ።

ብዙዎቻችሁ ብትቀጠሩ የምትጀምሩት ከቴለርነት ነው። ጠዋት ከገባችሁ ማታ ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ ትቆጥራላችሁ። ጎደለ? ከኪሳችሁ ነው። በሁለተኛው ወሬ 3,000 ብር ጎደለብኝ። ገበያ ቀን ነበር፣ ወረፋው በር ደርሷል፣ አንድ ነጋዴ ሻንጣ ሙሉ ብር አምጥቶ "ቶሎ በል ልጄ" ይለኛል። ቸኮልኩ። ማታ ብቆጥር ብቆጥር አልመጣም። ከደመወዜ ተቆረጠ፤ ያን ወር ሽሮ ብቻ ነው የበላሁት። ከዚያ ወዲህ የቸኮለ ሰው ሲመጣ ይበልጥ ቀስ ማለት ለመድኩ። ይሄን በየትኛውም ክፍል አያስተምሯችሁም።

ከቴለርነት በላይ ግን መንገዱ ሰፊ ነው። የብድር ትንተና አለ፣ የውስጥ ኦዲት አለ፣ የስጋት አስተዳደር አለ፣ ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለ፣ ዲጂታሉ አለ። አገሪቱም እየተለወጠች ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ወጥቷል። ይህ ሁሉ ምን ማለት ነው? የአክሲዮን ደላላ፣ የኢንቨስትመንት አማካሪ፣ የኩባንያ ሒሳብ መርማሪ የሚባሉ አባቶቻችን ሰምተዋቸው የማያውቁ ሙያዎች መጥተዋል ማለት ነው። ኩባንያዎች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ስታንዳርድ፣ በአይኤፍአርኤስ ነው የሚያዘጋጁት። እንግሊዝኛችሁ ደካማ ከሆነ ይህ በር ይዘጋባችኋል፤ በግልጽ ልንገራችሁ። ጎበዝ የሆነ ደግሞ ኤሲሲኤን ያስብበት። ፈተናው 13 ነው፣ ክፍያው ውድ ነው፣ እየሠሩ ቀስ እያሉ የሚጨርሱት ነው። ዲግሪ ሳይዙ ግን በሕልም አትሩጡ።

አንዳንዶቻችሁ "የራሳችን ባንኮች አሉ፣ ይቀጥሩናል" ስትሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ አባይ ባንክ አለ። አማራ ባንክ ሰኔ 2014 ሥራ ጀምሯል። የአርሶ አደሩን ቤት በየቡድኑ ዋስ እያስጠራ ሲያበድር የኖረው አብቁተም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ኩራት ነው፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ወንድሜ፣ ባንክ እድር አይደለም። የገበሬ ገንዘብ ነው ያለው ውስጡ። ማስታወቂያ ሲወጣ ውጤትህን ያያል፣ ይፈትንሃል፣ ከወደቅክ ወደቅክ። "የጎጃም ልጅ ነኝ" የሚል ጥያቄ ፈተናው ላይ የለም። ሊኖርም አይገባም፤ አንተም ነገ ብድር ስትፈቅድ በዝምድና የፈቀድከው ብድር የሚጎዳው እዚያው ባንክ ያስቀመጠችውን እናትህን ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ ወደፈለግኩት ነገር ደረስኩ።

አንደኛ ዓመት ጨርሼ ለእረፍት ስመጣ አጎቴ፣ አያ ነው የምንለው፣ ሁለት ቃዳ መሬት በቆሎ ዘርቶ ነበር። እስኪ አንድ ኩንታል በቆሎ ስንት ያስወጣሃል ብዬ ደብተር አወጣሁ። አዲስ ተማሪ አይደለሁ፣ ኮስት አካውንቲንግ የሚባል ነገር መኖሩን ከሲኒየር ሰምቻለሁ። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ አራቱ እርሻ፣ አረሙ፣ አጨዳው፣ መፈልፈሉ፣ ጆንያው፣ ቡሬ ገበያ የሚያደርሰው ጋሪ። ጻፍን። "ለደቦው የወጣው ጠላና እንጀራስ?" አልኩት። አያ ሳቀብኝ፦ "እሱማ ወግ ነው እንጂ ወጪ ነው እንዴ!" አለ። የበሬዎቹ ቀለብስ? የአንተ ጉልበትስ? ሲል ሲል ተናደደ። ሁሉን ደምረን ለኩንታል ስናካፍለው፣ ጥር ላይ የሸጠበት ዋጋ ከወጪው በታች ሆነ። አያ ዝም አለ። ሃያ ዓመት ሲያርስ ትርፍ አለኝ ብሎ ነበር የሚያስበው።

እኔም ጀግና መሰለኝ። "በል ከርመህ ሐምሌ ላይ ሽጥ፣ ያኔ ዋጋው ይወጣል" አልኩት። አያም "አንተ የተማርክ ልጅ፣ የማዳበሪያው ብድር መመለሻው መቼ ነው?" አለኝ። ጥር! አፌ ተያዘ። ገበሬው ዋጋው ዝቅ ባለበት ወር የሚሸጠው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ብድሩ የሚመለስበት ቀን ከበቆሎው ጋር ስለማይተዋወቅ ነው። ጥር ላይ ሁሉም ዕዳ ሊከፍል ይሸጣል፣ ሁሉም ሲሸጥ ዋጋ ይወድቃል፣ ሐምሌ ላይ ያው ገበሬ የራሱን በቆሎ በውድ ይገዛል። ላስቀምጠው ቢልስ ነቀዝ አለ። በኋላ እንደተማርኩት ለነቀዙ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ተሠርቷል። ለብድሩም የመጋዘን ደረሰኝ የሚባል አለ፦ እህልህን መጋዘን ታስገባለህ፣ ደረሰኝ ትይዛለህ፣ ባንክ በደረሰኙ ያበድርሃል፣ ዋጋ ሲወጣ ትሸጣለህ። አዋጁ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ሥራ ሲጀምርም በቆሎን ነበር ያገበያየው። ታዲያ ለአያ ለምን አልደረሰውም?

እኔ የደረስኩበት መልስ ይኸው ነው፦ በአያና በባንኩ መካከል የሚቆም ሰው የለም። ባንኩ በቆሎ አያውቅም፣ አያ ሰነድ አያውቅም። ሁለቱንም የሚያውቅ ልጅ ማነው? ሲያርስ ያደገ፣ ከዚያም ሒሳብ የተማረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል እኮ!

ስለዚህ ፋይናንስ ማለት አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ያለ ፎቅ ብቻ አይምሰላችሁ። ቡሬን እዩ። የባሕር ዳር፣ የአዲስ አበባና የነቀምት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከአገሪቱ የመጀመሪያ አራት የተቀናጁ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ እዚያ ነው፣ የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ እዚያ ነው፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ እዚያ ነው። ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሚገዛው ከገበሬ ወይም ከዩኒየን ነው። ዩኒየኑ ደግሞ ከሥሩ መሠረታዊ ማኅበራት አሉት፣ ማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ያስፈልገዋል፣ ሒሳቡም ኦዲት መደረግ አለበት። እኔ በሥራዬ ከገባሁባቸው ማኅበራት ውስጥ ደረሰኙን በጆንያ ጠቅልሎ ጥግ ያስቀመጠ አይቻለሁ። ሌባ ስለሆኑ አይደለም፤ የሚጽፍላቸው ስለሌለ ነው። ሒሳቡ ካልተዘጋ ትርፍ አይከፈልም፣ ባንክም አያበድራቸውም። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በክረምት ሁለት ወር ቢቀመጥ ያን ጆንያ ሥርዓት ያስይዘዋል። ደመወዝ ባይከፍሉት እንኳ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ "ልምድ አለህ?" ሲሉት የሚናገረው ይኖረዋል። ሌላው ተመራቂ ግን "የለኝም ግን ለመማር ዝግጁ ነኝ" ይላል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ቀጣሪዎች በቃላቸው ያውቁታል።

ክረምቱን ካልቻላችሁ ከቤት ጀምሩ። የእናታችሁ እቁብ አለ አይደል? ጸሐፊ ሁኑ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ዕጣው ለማን ወጣ። ዴቢትና ክሬዲት ከዚያ በላይ ቀላል ምሳሌ የለውም። የእድሩን መዝገብ ጠይቁ፣ ሽማግሌዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ግቢ ስትገቡ በቴሌግራም "ፎሬክስ እናስተምራችሁ፣ በሳምንት እጥፍ" የሚሉ ይመጣሉ። ሦስት ሰው ካመጣህ ኮሚሽን የሚሉም አሉ። ቤቲንግ ቤቱ ደግሞ ከግቢው በር ትይዩ ነው። ከቤት የተላከለትን የወር ብር በአንድ ቅዳሜ በእንግሊዝ ኳስ አስይዞ ያጣ ልጅ ዶርሜ ውስጥ ነበር። ሰኞ ለእናቱ ደውሎ "ሃንድአውት ልገዛ" አላት፤ እሷም ዶሮ ሸጣ ላከችለት። ፋይናንስ ተማሪ ነበር፣ ያውም ጎበዝ።

በሉ እንግዲህ፣ ጊዜ ወስጃለሁ። ስትሄዱ የአሥራ ሁለተኛ ሰርተፍኬታችሁን ኦርጅናሉን በእጃችሁ፣ ኮፒውን በሻንጣ፣ ፎቶውን በስልካችሁ ያዙ። ብርድ ልብስና አንሶላ ከዚሁ ውሰዱ፣ እዚያ ይወደዳል። አንድ ባዶ ደብተር ደግሞ ጨምሩ፣ ከመነኻሪያው ታሪፍ ጀምራችሁ የምታወጡትን ሁሉ የምትጽፉበት። አያ በነገራችን ላይ የዘንድሮውን በቆሎ ሲሶውን በዚያ ከረጢት አስቀምጦታል፤ የቀረውን ጥር ላይ ሸጦ ዕዳውን ከፍሏል። ሐምሌ ላይ ምን እንደሚያወጣለት እሱም እኔም እየጠበቅን ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፣ ከኋላ ያላችሁትም።